የፕሮግራሙ ተጠሪዎች

ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ጽፌያለሁ፣ አስተምሬያለሁ፣ ልጆቼንም ያሳደግሁት በሱ ነው። ሆኖም ዛሬም ቢሆን አንድ ሰው ከኋላዬ መጥቶ «ፕሮግራሙ የት ደረሰ?» ሲለኝ ክው እላለሁ። ባልደረቦቼ «ሀዋ ድንጉጥ ናት» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ እነሱ በዚህ ቃል ኬላ ላይ ተይዘው አያውቁም።

ታሪኩን እስከዛሬ ያልጻፍኩት አባቴ በሕይወት ስለነበሩ ነው። አሁን አላህ ይዘንላቸውና አልፈዋል፤ ብነግራችሁ የሚቀየሙኝ አይመስለኝም። ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን በአንድ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ያደግሁት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው። አባቴ ሰይድ ይማም ልብስ ሰፊ ነበሩ። ማንበብና መጻፍ አይችሉም። መሠረተ ትምህርት የመጣ ጊዜ ተመዝግበው ሁለት ቀን ከሄዱ በኋላ «ዓይኔ አልለይ አለኝ» ብለው ቀርተዋል። የደንበኛን ልክ የሚይዙት በሲባጎ ነበር። ለትከሻ አንድ ቋጠሮ፣ ለወገብ ሁለት፣ ለቁመት ሦስት ያስራሉ፤ ከዚያ ሲባጎውን ግድግዳው ላይ ካለ ሚስማር ያንጠለጥሉታል። ግድግዳው በሲባጎ የተሞላ ነበር፤ የትኛው የማን እንደሆነ ከሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እናቴም ፊደል አልቆጠሩም። ቤታችን ውስጥ የምታነብ እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ያዙልኝ፤ የመከራችን ሁሉ ምንጭ እሱ ነው።

ማትሪክ ወስጄ ደህና ውጤት አመጣሁ። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ፎርም የሚሞላበት ቀን አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። ጓደኞቼ ሕክምና፣ ሕግ፣ እርሻ ይላሉ። እኔ ግን የልቤን ለማንም አልተናገርኩም፤ ኮምፒውተር መማር ነበር የምፈልገው። በዓይኔ አይቼው አላውቅም። የሒሳብ መምህራችን አንድ ጊዜ ከአሮጌ መጽሔት ላይ ፎቶግራፍ አሳይተውን ነበር። ቁም ሣጥን የሚያክል ማሽን ፊት አንዲት ሴት ተቀምጣለች። «ይቺ ሴት ለማሽኑ ፕሮግራም ትጽፍለታለች፤ እሱ ደግሞ ያለችውን አንድ በአንድ ይፈጽማል» አሉን። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ የምናገረውን የሚሰማኝ ያጣሁ ልጅ ነበርኩ፤ ሴት ተናግራ የሚፈጽምላት ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ስሰማ ሌላ ሁሉ ከዓይኔ ጠፋ።

ከማትሪኩ በፊት ጀምሮ በመምህራችን እርዳታ ውጭ አገር ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ከእንግሊዝ መልስ መጣ። ፖስታው ውስጥ አንድ ቀጭን መጽሐፍና ከመዳፍ ረዘም ያለ ጠንካራ ካርድ አለ። ካርዱ በትናንሽ ቀዳዳዎች ተበሳስቷል። ለማሽኑ ትእዛዝ የሚሰጠው በዚህ እንደሆነ መጽሐፉ ላይ አነበብኩ፤ ካርዱንም የደብተሬ ዕልባት አደረግሁት። በደብተሩ የማወዳድራቸውን ዩኒቨርሲቲዎች እመዘግባለሁ። ሰው ቢያየው እንዳይገባው ስል አሳጥሬ ነበር የምጽፈው። ያቺን ማሳጠር ሳስባት እስከዛሬ ራሴን እታዘባለሁ።

መምህራችን አንድ ቀን «ወንድሜ ይመር ውጭ ተምሮ መጥቶ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ምርጫሽን ከመሙላትሽ በፊት እሱን አማክሪው» አሉኝ። ኮምቦልቻ ለብቻዬ ልሂድ ብል አባዬ እንደማይፈቅዱ ስለማውቅ ዋሸሁ። «ለትምህርቴ ማስረጃ የማወጣው ከኮምቦልቻ ነው» አልኳቸው። ክርክር ጠብቄ ነበር።

«እኔም እዚያ ጉዳይ አለኝ፤ አብረን እንወርዳለና» አሉ፣ ዓይኔን ሳያዩ።

ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ደግ አባት ነው የሰጠኝ አልኩ። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተን በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርን። አባዬ በጨርቅ የታሰረ ዕቃ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እስከ ኬላው ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ከእጃቸው አላወጡትም።

ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ሁላችንም ወረድን። ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በአንድ በኩል ተሰለፍን። ፈታሿ ሴት ደብተሬን ስታራግፈው ካርዱ መሬት ላይ ወደቀ። አንስታ ወደ ፀሐይ ያዘችው። ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ አልፎ ፊቷ ላይ ነጠብጣብ ሠራ። ደብተሩንና ካርዱን ይዛ ወደ ቢሮው ሄደች።

በወንዶቹ በኩል ደግሞ የአባዬ ዕቃ ተፈቷል። ከውስጡ አረንጓዴ ሐር ቀሚስ፣ አዲስ የሴት ጫማ፣ አንድ ሲባጎና የታጠፈ ወረቀት ወጣ። ጫማው የእኔ ቁጥር እንደሆነ ከሩቅ አወቅሁ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የምለብሰውን በድብቅ እያዘጋጁልኝ ነው ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ያን ያህል ሞኝ ነበርኩ።

ወረቀቱን ያየው ፈታሽ እሱም ወደ ቢሮው ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ሁለታችን ተጠራን። ሌላው ሰው እንዲሳፈር ታዘዘ። አብሮን የመጣው ሰው ሁሉ፣ ከደሴ ጀምሮ ከአባዬ ጋር ሲያወጋ የነበረው ሽማግሌ ሳይቀር፣ አንገቱን ደፍቶ እንዳላየ ሆኖ ገባ። አውቶቡሱ እኛን ጥሎ ሄደ። መያዛችንን ልቤ ያመነው ያን ጊዜ ነው።

ቢሮው ውስጥ የጠበቀን ካድሬ ጓድ ክንፈ ይባላል። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ኪሱ ላይ ሁለት እስክርቢቶ ሰክቷል። ንግግሩ መጀመሪያ ላይ ለስላሳ ነበር።

«አባት፣ ይቀመጡ» አላቸው ለአባዬ። ወደ እኔ ዞሮ «ይህ ደብተር ያንቺ ነው?»

«አዎ።»

ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። «እንግሊዝ፦ ግንኙነት ተጀምሯል። ፕሮግራሙ ሦስት ዓመት። ሕንድ፦ ፕሮግራሙ ጠንካራ። ቡልጋሪያ፦ መልስ የለም። አስመራ፦ ስለ ፕሮግራሙ አልተጣራም።» ቆም አለና አየኝ። «አዲስ አበባ፦ ፕሮግራሙ ገና አልተጀመረም። ኮምቦልቻ፦ ጋሽ ይ. ያውቃል፤ ውሳኔው ከእሱ በኋላ።»

በዚያ ዘመን ያልነበራችሁ አንባቢዎች ይህ ለምን እንደሚያስፈራ ላይገባችሁ ይችላል። ያኔ «ፕሮግራም» ማለት መንግሥትን በኅቡዕ የሚታገል የድርጅት ፕሮግራም ነው። የዚያ ዓይነት ወረቀት አንድ ገጽ ቤቱ ተገኝቶ የቀረ ሰው በየሰፈሩ ነበር። ቀይ ሽብሩ አልፏል ይባል እንጂ እናቶች የልጆቻቸውን ደብተር ምድጃ ውስጥ መጨመር አልተዉም። የራሴን ጽሑፍ በካድሬ አፍ ስሰማው ለእኔም የሴራ ሰነድ ሆኖ ተሰማኝ። በገዛ እጄ የጻፍኩት ባይሆን ኖሮ እኔም ራሴን አስር ነበር።

«ፕሮግራሙ የትምህርት ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ነው» አልኩ።

«ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝ በኩል ነው የሚመረጠው? ይህስ?» ካርዱን አነሳ። «በቀዳዳ የተጻፈው መልእክት ምን ይላል?»

«አላውቅም። ማሽን ነው የሚያነበው።»

«ማሽኑ የት ነው ያለው?»

«እሱንም አላውቅም» ልል ነበር። እሱ ግን መልሴን አልጠበቀም፤ የአባዬን ወረቀት ዘረጋው። ጽሑፉ ያጌጠ፣ የማመልከቻ ጸሐፊ እጅ ነበር።

«የፕሮግራሙ ተጠሪዎች ስም ዝርዝር» ብሎ አነበበ። ከዚህ በኋላ ድምፁ ተለወጠ። «ቢስቲማ፦ ሐጂ አራጋው፣ ከሃያ ሰው ጋር። ገራዶ፦ ሁሴን አሊ፣ ከአሥራ አምስት ሰው ጋር። ቧንቧ ውሃ፦ ሠላሳ። ሰንጋ፦ ሁለት።»

የአውራጃ ተጠሪ፣ የወረዳ ተጠሪ፣ የማኅበር ተጠሪ በሚባልበት ዘመን «የፕሮግራሙ ተጠሪዎች»። ጓድ ክንፈ ወረቀቱን ከደብተሬ ጎን አስተካክሎ አኖረ። ሁለቱ ተገጣጠሙ።

«አንተ ሽማግሌ» አለ ወደ አባዬ፣ «ተነስ።»

አባቴን «አንተ» ያላቸው ሰው ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ተነሱ። እኔ ግን የሳቸውን መዋረድ ልብ ለማለት እንኳ ጊዜ አላገኘሁም፤ ሌላ ነገር ራሴን መትቶኝ ነበር። አባቴ የድርጅት ሰው ናቸው። ሰሞኑን ቤታችን የሚመጡት እንግዶች፣ እኔ ስገባ የሚቆመው ወሬ፣ «ሀዋዬ፣ እስቲ ሱቅ ሂጂ» እያሉ የሚያስወጡኝ፣ ሁሉም ትርጉም አገኘ። ያ ከስፌት መኪናው ቀና የማይል ሰው ከቢስቲማ እስከ ገራዶ ሰው ያደራጃል። ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም እኔን እያዩ ነበር። ስለ እኔ ያንኑ እንዳመኑ ከዓይናቸው ገባኝ።

ለያዩን። እኔን ከኬላው ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። የኮምቦልቻ ሙቀት በቆርቆሮ ስር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። አራት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። መጀመሪያ አለቀስኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ፤ ድርጅት ውስጥ ገብተው ሲያበቁ እንዴት ወረቀት ይዘው ኬላ ያልፋሉ ብዬ። ከዚያ ግን ማሰብ ጀመርኩ። አባዬ መጻፍ አይችሉም። ዝርዝሩ ግን ተጽፏል። ስለዚህ «የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እሳቸው የያዙትን አያውቁም» ብል የማያምነኝ የለም። እኔ ወጣት ነኝ፤ እስር ቤት ቢያስገቡኝ እችለዋለሁ። እሳቸው ግን ጨጓራቸውን የሚታመሙ ሰው ናቸው። ዩኒቨርሲቲውን ያን ጊዜ በልቤ ተሰናበትኩት። ቀላል ሆኖልኝ አልነበረም።

ስምንት ሰዓት ገደማ እንደገና ወደ ቢሮው ወሰዱኝ። አባዬም እዚያ ነበሩ፤ ቆመዋል።

«ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ ገና ከመግባቴ። «አባቴ የያዙትን ወረቀት አያውቁም።»

ጓድ ክንፈ ጠረጴዛውን መታ። «ጉድ እኮ ነው። እሱ ደግሞ ደብተሩን እኔ ነኝ እየነገርኩ ያስጻፍኳት ይለኛል።»

አባዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወላሂ እኔ ነኝ። እንግሊዝም ሕንድም የላክሁት እኔ ነኝ። እሷ የታዘዘችውን ነው የጻፈች። እኔን አስቀሩና እሷን ልቀቋት።»

በአላህ ስም በሐሰት ሲምሉ በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማኋቸው። እንግሊዝ የት እንዳለ እንኳ አያውቁም።

«መልካም» አለ ካድሬው። «ሁሉም ያንተ ከሆነ ጠይቄህ መልስ። ሰንጋ የማን የሚስጥር ስም ነው?»

«በሬ ነው ጌታው።»

«የማን ስም ነው አልኩህ።»

«በሬ ነው። የሚታረድ።»

«የሚታረደው ማነው?» ካድሬው ከወንበሩ ተነሳ።

ዛሬ ይህን ሳወራ ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ ያን ጊዜ ግን የሚስቅ አልነበረም። አባዬ ከንፈራቸው ደርቆ ነበር።

«ፕሮግራሙ የሚፈጸመው መቼ ነው?» አለ ጓድ ክንፈ።

አባዬ በስርቆት አዩኝ።

«መቼ ነው?»

«ልጅቱ ትውጣና ልናገር።»

«አትወጣም። እዚሁ ተናገር።»

«ልለምንዎ ጌታው፣ እሷ ፊት አይሆንልኝም። ትውጣልኝና ያሻዎን ያርጉኝ።»

«ተናገር!»

አባዬ ወደ እኔ አልዞሩም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን አረንጓዴ ቀሚስ እያዩ ተናገሩ።

«የኒካህ ነው» አሉ። «ፕሮግራም የተባለው የሷ ኒካህ ነው። ለሐጂ አራጋው ልጅ ሰጥቻታለሁ። በመጪው ወር ነው። ተጠሪ የተባሉት ለድግሱ የተጠሩት ናቸው። ዛሬ ሐጂ ገበያ ይወርዳሉና ዝርዝሩንና ልብሱን ላሳያቸው ነበር የመጣሁ። እሷ አታውቅም።»

«ታዲያ ኒካህ ተብሎ ለምን አልተጻፈም?»

«ከቤቴ የምታነብ እሷ ብቻ ናት። ወረቀቱ እጇ ቢገባ እንዳይገባት ብዬ ማመልከቻ ጸሐፊውን ኒካህ አትበል አልኩት። እሱ ነው ፕሮግራም ያለው።»

አንባቢዎቼ፣ እዚያ ቆሜ ምን እንደተሰማኝ ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ። ምነው የድርጅት ሰው በሆኑ አልኩ። ለዚያ ተዘጋጅቼ ነበር፤ በሳቸው ፈንታ ልታሰር አራት ሰዓት ሙሉ ራሴን ሳበረታ ቆይቻለሁ። ለዚህ ግን አልተዘጋጀሁም። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከሳምንት በፊት ትከሻዬን ሲለኩኝ ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «እንዲያው ልይሽ ብዬ» ያሉኝ ትዝ አለኝ። ቤታችን የመጡት እንግዶች ሲያዩኝ የነበረው እንደ ሙሽራ ነበር። የሐጂ አራጋውን ልጅ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ መልኩ እንኳ አይመጣልኝም። ሰው የገዛ ሠርጉን ከካድሬ ምርመራ ላይ ይሰማል? ደግሞም ያው ሰው ነው ከደቂቃ በፊት «እኔን አስቀሩና እሷን ልቀቋት» ያለው። በአንድ አፍ ሞተውልኝ በአንድ አፍ ሰጡኝ። የቱን እንደምይዝ አላወቅሁም።

ጓድ ክንፈ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ «ታውቂ ነበር?» አለኝ።

«አላውቅም ነበር።»

ፊቴን አይቶ ያመነ ይመስለኛል። ካርዱን ግን አሁንም ይዞታል። «የእሱ ፕሮግራም ገባኝ። ያንቺው ቀርቷል። አስረጅኝ።»

ያን ሰዓት ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ከአንድ ፎቶግራፍና ከአንድ ቀጭን መጽሐፍ የሚበልጥ አልነበረም። ተነስቼ ከቀሚሱ ጎን ያለውን ሲባጎ አነሳሁና ለካድሬው ሰጠሁት።

«ይህ ምን ይላል?» አልኩት።

ገለባበጠው። «ገመድ ነው።»

«ለሳቸው ይስጧቸው።»

አባዬ ሲባጎውን ተቀብለው በጣታቸው ዳበሱት። «የሀዋ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ትከሻዋ ይኸው። ወገቧ ይኸው። ቁመቷ ይኸው።»

«ቋጠሮውን እሳቸው ያነቡታል፣ ከዚያ ልብስ ያወጡበታል» አልኩ። «ካርዱም እንደሱ ነው። ቀዳዳውን ማሽኑ ያነበዋል፣ ከዚያ ሒሳብ ያወጣበታል። ፕሮግራም መጻፍ ማለት ለማሽኑ መቋጠር ነው። እኔ መማር የምፈልገው እሱን ነው፤ ደብተሩ ላይ ያለው የት እንደሚያስተምሩት ነው። ሌላ የለበትም።»

አባዬ እጃቸውን ዘረጉ። ካድሬው ምን እንደነካው አላውቅም፣ ካርዱን ሰጣቸው። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ሄዱባቸው።

«ይኸን የቋጠረው ሰው ነው?» አሉኝ።

«ሰው ነው አባዬ። ሴትም ትችላለች።»

«ይኸን ፈልገሽ ነው ከባሕር ማዶ የምትጽፊ?»

«አዎ።»

ካርዱን ቶሎ አልመለሱም።

ጓድ ክንፈ «ጋሽ ይ.» ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። እዚህ ላይ ፈራሁ፤ ሰውዬውን ጭራሽ አላውቀውም፣ በእኔ ሰበብ መታሰሩ ነው። ግን ደግሞ ካልተናገርኩ አንወጣም። ተናገርኩ። ፋብሪካው ተደወለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋሽ ይመር ቅባት በነካው ቱታ መጣ። ጠቆር ያለ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። ላቡን እየጠረገ ደብተሩን አነበበ። «ፕሮግራሙ ገና አልተጀመረም» የሚለው ላይ ሲደርስ ሳል መሰል ነገር አፈነው፤ ሳቅ ነበር። ከዚያ ለካድሬው ረጋ ብሎ አስረዳው። ካርዱ የማሽን ማስታወሻ መሆኑን፣ እሱ በተማረበት አገርም እንዲህ ያለው በየቢሮው መኖሩን፣ ያ አገር ደግሞ ወዳጅ የሶሻሊስት አገር መሆኑን ነገረው። የመጨረሻዋን ሆን ብሎ ነው የጨመራት።

አሥር ሰዓት ላይ ተለቀቅን። ደብተሬና ካርዱ እዚያው ቀሩ። ከእንግዲህ ወደ ውጭ አገር ደብዳቤ እንዳልጽፍ አስፈረመኝ። እንግሊዝም ሕንድም በአንድ ፊርማ አለቁ። ጓድ ክንፈ ዝርዝሩን አጥፎ ለአባዬ ሲመልስ «አባት፣ ይያዙ» አላቸው። እንደገና «እርስዎ» ሆኑ።

ጋሽ ይመር እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኘን። ከጠዋት ጀምሮ ልጠይቀው የመጣሁትን ጥያቄ እዚያ፣ ሰው እየተጋፋ ሲሳፈር ጠየቅሁት። «የቱን ልምረጥ?»

«አዲስ አበባ ግቢ» አለኝ። «ሒሳብ ሙዪ። ኮምፒውተሩ ገና አልተጀመረም ብለሽ ጽፈሻል፣ ልክ ነሽ። ሲጀመር ግን ከሰማይ ሰው አያመጡለትም። እዚያ ሒሳብ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋሉ።»

አውቶቡሱ ዘግይቶ ስለተነሳ ወደ ደሴ የሚወስደውን ጠመዝማዛ ዳገት የጀመርነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ዕቃው እንደገና አባዬ ጭን ላይ ነው። እኔ በመስኮት አያለሁ። ከዚያ ንዴቴ ገነፈለ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺስ?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ማስረጃ ላወጣ ነው ብዬ ነበር የወጣሁት። ሁለታችንም አንዱ ሌላው እንዳያውቅበት ብለን ነገሩን ሸፍነን ጽፈን፣ አንድ ላይ ሲነበብ ሊገድለን ደረሰ።

ደሴ መብራቷ ሲታይ «ያንቺው ፕሮግራም ስንት ዓመት ነው?» አሉኝ።

«አራት፣ አባዬ።»

«የኔው አንድ ቀን ነበር» አሉ።

በማግስቱ ለብቻቸው ቢስቲማ ሄዱ። እዚያ ምን እንዳሉና ምን እንደተባሉ አልነገሩኝም። ሐጂ አራጋው ከልጅነታቸው ጀምሮ ወዳጃቸው ነበሩ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን አንድም ጊዜ ቤታችን አልመጡም፣ ለቅሶ ላይ ተገናኝተው እንኳ ሰላም አልተባባሉም። አባዬ ቃላቸውን ያጠፉ ሰው ተብለው ኖሩ። እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በሳቸው ስም መጉደፍ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አረንጓዴውን ቀሚስ እጅጌውን አሳጥረው አስተካከሉልኝ፤ አዲስ አበባ የገባሁበት እሱን ለብሼ ነው። ኮምፒውተሩም ብዙ ዓመት ቆይቶ ተጀመረ። ሲጀመር ሒሳቤን ይዤ እዚያው ነበርኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሰው በአንድ ቃል ሲናገር ቃሉን ብቻ ሰምቼ አላልፍም፤ ምን ማለትህ ነው እላለሁ። አሰልቺ እንደሆንኩ ይነግሩኛል። እናንተም ዘንድሮ ልጃችሁ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሚሞላ ከሆነ፣ ወይም እናንተው ሞልታችሁ ለወላጆቻችሁ ያልነገራችሁ ከሆነ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡና ሁለታችሁም ያሰባችሁትን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ለእኛ ካድሬ ነው ያነበበልን።

ፎርሙን የሞላሁበትን ቀን ነግሬያችሁ ላብቃ። አባዬ የስፌት መኪናቸውን አቁመው ከፊቴ ተቀመጡ። «አንድ ቃል ሳትዘይ ሁሉን አንብቢልኝ» አሉ። ስም አነበብኩ፣ የትውልድ ቦታ አነበብኩ፣ አንደኛ ምርጫ አነበብኩ። ታች ስደርስ ምላሴ ተያዘ።

«ምን ይላል?» አሉ።

«የተማሪዋ ተጠሪ ይላል፣ አባዬ።»

 ጠመኔ የነካው ጣታቸው ከጭናቸው ተነስቶ ፎርሙ ላይ፣ ባዶው መስመር ላይ አረፈ።

«እኔን ጻፊ» አሉ።